እማማና ሦስቱ እህትማማቾች

ጥር 6
ሰርቨር ክፍሉ እንደ ወትሮው ብርድ ነው። ጋሼ ሹራባቸውን ደርበው ቀድመውኛል። ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ቀድሜያቸው አላውቅም። የሆስፒታሉን የታካሚዎች መዝገብ የያዙትን ሦስት ሰርቨሮች «እህትማማቾቹ» ይሏቸዋል። «አንዷ ብትታመም ሁለቱ አሉ፤ መዝገቡ ሦስቱም ጋ ተገልብጧል።» ለጎብኚ ሁሉ የሚሉት ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።
ልጃቸው ሌላ ከተማ ልትወልድ ደርሳለች።
«ፈቃድ አይወስዱም እንዴ?»
«ሥራ አለ።»
ምን ሥራ? ቀኑን ሙሉ ሻይ ሲጠጡ ነው የዋሉት።

ጥር 9
ዲስኩ ላይ ስንት ቦታ እንደቀረ ልይ ብዬ... እህትማማቾቹ የየራሳቸው ጓዳ የላቸውም ለካ። ሦስቱም ቅጂያቸውን የሚያስቀምጡት በኔትወርኩ ላይ ባለች አንዲት የጋራ ማከማቻ ነው። ከበሩ ጀርባ ያለችው ግራጫ ሳጥን፤ ጋሼ «እማማ» የሚሏት። እሷ አንድ ቀን ከወደቀች ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው። ሦስት ምስክር ጠርተን፣ ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ሰው ሆኖ ተገኘ።
የተከሉት ጋሼ ናቸው። እንዴት ይነገራል?

ጥር 10
አልተናገርኩም።

ጥር 13
ልጃቸው ወለደች። ሴት። ስልኩን ይዘው ወጡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው «ብርዱ» አሉኝ። ከዚያ እማማን በመዳፋቸው ነካ አደረጓት፣ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ። ሁሌ ጠዋት ያደርጉታል። ዛሬ ገባኝ።
«ጋሼ... ያውቃሉ አይደል?»
መዳፋቸውን ከእማማ ላይ አነሱ።
«ስድስት ዓመቴ። መጀመሪያ አላየሁትም። ካየሁት በኋላ ደግሞ ለሰው ሁሉ ተኩራርቼበታለሁ፤ በምን አፌ? እንዳትወድቅ እየጠበቅኳት ነው።»
ስድስት ዓመት ፈቃድ ያልወጡት ለዚህ!
«ለኔ እንኳ ቢነግሩኝስ?»
«አንቺ እንኳ ጎበዝ እንዳልሽኝ ልቅር ብዬ።»
ብዙ የሚባል ነገር ነበር። «ሻይ ላምጣ?» አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 15
ለእህትማማቾቹ የየራሳቸው ዲስክ እንዲገዛ ማመልከቻውን ጋሼ ራሳቸው ጻፉ። «ስህተቱ የኔ ነው» ይላል፣ ያለ ሰበብ። አለቃችን አንብቦ «ዲስኮቹ መቼ ይምጡ?» አለ። በቃ። ስድስት ዓመት የተፈራው ፍርድ ይኸው ነበር።

ጥር 28
እህትማማቾቹ የየራሳቸው ዲስክ ገባላቸው፤ ተራ በተራ፣ አንዷ ስትወጣ ሁለቱ መዝገቡን እየያዙ። የእማማን ኬብል ጋሼ ነቀሉ። ካርድ ክፍል ደወልኩ።
«መዝገብ ይከፈታል?»
«ምነው፣ ለምን አይከፈትም? ሰልፍ አለብኝ እኮ!» ብላ ሠራተኛዋ ዘጋችብኝ።
ጋሼ የፈቃድ ቅጽ ፈለጉ።

የካቲት 2
ክፍሉን እኔ ከፈትኩት። ሹራባቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ከልጃቸው ቤት ደወሉ።
«እማማስ?»
በመዳፌ ነካኋት። «ቀዝቅዛለች።»
ሳቁ። ከኋላ ሕፃን ስታለቅስ ተሰማኝ። «በይ፣ ተጠራሁ» ብለው ዘጉት። ስለ እህትማማቾቹ ሳይጠይቁ።