አባባ የቆሙበት ጥግ

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እንኳ ከቅዳሜ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ፎቶ ቤት ደንበኛ አስቀምጬ የካሜራውን ክዳን ሳላነሣ «ፈገግ በሉ» እላለሁ። ባለቤቱ «ልብህን የት ጥለኸው መጣህ?» ይለኛል።

«አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ማታ ማታ በመብራት አሸብርቋል አሉ፤ አንሥተህ ላክልኝ» ብለሽ ነበር። የተዳርሽበት ነውና አልገረመኝም። የከነከነኝ ስለ አባባ አንዲት ቃል አለመጠየቅሽ ነው። ዳሩ ምን ብለሽ ትጠይቂ? «ለሹፌር ልጄን አልድርም» ብለው ከሰርግሽ የቀሩ አባት ናቸው።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ስወጣ «ወዴት ነው?» አሉኝ። መዋሸት አላውቅበትም፤ ለማን እንደማነሣ ጭምር ነገርኳቸው። ኮታቸውን ደረቡ። «እኔም እግሬን ላፍታታ።»

መብራቱ ሲበራ ያ የቤተ ክርስቲያኑ ጥቁር ድንጋይ የማር መልክ ያዘ። በጨለማ ስታነሺ ካሜራው ብርሃን እስኪጠግብ ጊዜ ይወስዳል፤ ፊት ለፊቱ ሰው ከተላወሰ ፎቶው ይበላሻል። አባባ ደግሞ የምታውቂያቸው አባባ ናቸው፤ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲህ ወዲያ።

«በፈጠረዎት፣ አንድ ቦታ ይቁሙ!» አልኩ ቢቸግረኝ።

«መቆሙንስ እዚያ ጋ ቆሜያለሁ» አሉ፣ ከጎን በሩ አጠገብ ያለውን የግንብ ጥግ እያሳዩኝ።

«መቼ?»

«የተዳረች ዕለት።»

እታለም፣ እጄ ካሜራው ላይ ቀረ።

«ሁሉም ከገባ በኋላ መጣሁ። መዝሙሩን ሰማሁ። ልገባ እግሬን አነሣሁና ኩራቴ ያዘኝ። ስትወጣ የቀሚሷን ጫፍ አየሁ፤ ከዚያ ሰው ጋረዳት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«አንተ ደግሞ! ይኼ ይነገራል?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚያ ብቆም እታያለሁ?» አሉ።

«ካልተንቀሳቀሱ ይታያሉ።»

ሄደው ጥጉ ላይ ቆሙ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እግራቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ስርበተበት የነበርኩት እኔ ነኝ።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። በስተግራ ተመልከቺ፤ እጃቸው ደብዘዝ ብሏል፣ ፊታቸው ግን ቁርጥ እሳቸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ብቻውን ያለበትም ነበር፤ ሆን ብዬ አስቀረሁት።

ይህን ስጽፍ በሩን ከፍተው «ጨረስክ?» አሉኝ። «ምን ልበልልዎት?» ብላቸው «ምንም» ብለው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደዱ እሰማለሁ። አሁን ደግሞ ተመለሱ፤ «ጤንነቷን ጠይቅልኝ» አሉ።

ይኸው ጠየቅሁልሽ። መልሱን ግን ለእኔ እንዳትልኪው፤ ፖስታው ላይ የሳቸውን ስም ጻፊበት።

የምወድሽ ታናሽሽ