መርዶህን ሳልሰማ ያየኋት ዳላስ

አባዬ፣

ከተለየኸን የፊታችን ሐሙስ አንድ ዓመት ይሞላል። እህትህ የሺ ቅዳሜ ሌክ ሃይላንድስ ባለው ቤቷ ሙት ዓመትህን ልታስብልህ ነው። ከምማርበት ከዴንተን እንድመጣ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች፤ እኔ ግን እስካሁን እሺም እንቢም አላልኳትም። ለምን እንደሆነ አንተ እንድታውቅልኝ ብዬ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ደህና ናት። ሬዲዮህን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ራሷ ትከፍተዋለች፣ ዜናው ሲያልቅ ራሷ ትዘጋዋለች። የወንድሜ የዳዊት ሠርግ ሐዘንህ ሳይወጣ አይሆንም ተብሎ ከሙት ዓመትህ በኋላ እንዲሆን ተወስኗል። እማዬ ልብሶችህን እስካሁን ለሰው አልሰጠችም። ዳዊት ካፖርትህን ለብሶ ሥራ ሄዶ ጎረቤት አይቶት ደነገጠ አሉኝ።

አሁን ደግሞ ያን ጊዜ በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ያልሆነልኝን።

አምና በዚያ ሳምንት ዓርብ የሺ ደወለችና «ሰኞ እኮ ክላስ የለሽም፣ ሌበር ዴይ፣ የሠራተኞች በዓል ነው። ታደሰ መጥቶ ፒክ ያደርግሻል። ዓመት ሙሉ አሜሪካ ተቀምጠሽ ከላይብረሪ በቀር ምን አየሽ?» አለችኝ። ጋሽ ታደሰ ባሏን ማለቷ ነው። ደስ አለኝ። የሺ ፋርመርስ ብራንች ከሚባል ሰፈር ካለው መጋዘን የበዓል ቀን እንኳ ሥራ የማትቀር ሴት ናት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ኦፍ መውሰዷ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሰውን በጥያቄ ሳደክም የኖርኩ ጋዜጠኛ፣ ያን ቀን አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ መሀል ዳላስ ወረድን። ፕሬዚዳንታቸው በመኪና ሲያልፉ የተገደሉበት መንገድ እንደ ማንኛውም መንገድ ነው፤ ወደ ድልድዩ ቁልቁል ይወርዳል። አስፋልቱ ላይ ነጭ መስቀለኛ ምልክት ተቀብቷል። መኪናዎች በመብራት ሲቆሙ ጎብኚዎች እየሮጡ ምልክቱ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። አንተ ያን ዜና የሰማኸው ልብስ ሰፊ ቤት ሆነህ ነበር። ልብስ ሰፊው እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቶ ሥራውን ማቆሙን ስንቴ ነግረኸናል! ካሜራዬን ለየሺ ሰጥቼ ወደ ምልክቱ ልሮጥ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«እዚህማ አትነሺም! ሰው የሞተበት ላይ ቆሞ ጥርስ ማሳየት ምን የሚሉት ነው?»

ድምፅዋ ከነገሩ በላይ ነበር። ጋሽ ታደሰ «አይዞሽ፣ መኪና ይገጫታል ብላ ነው። የቴክሳስ ሹፌር እንደሆነ ፍሬን የት እንዳለ አያውቅም» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። አልሳቀችም።

«እንግዲያው ለአባዬ ልደውልለት፤ ከዚህ ቦታ ሆኜ ድምፄን ቢሰማ ደስ ይለዋል» አልኩ። የስልክ ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ።

«ተኝቶ ይሆናል፣ አትቀስቅሺው።»

ሰዓቴን አየሁ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው፤ እናንተ ጋ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ማለት ነው። አንተ ደግሞ የሁለት ሰዓቱን ዜና ሳትሰማ ተኝተህ አታውቅም። ይህንኑ ነገርኳት። «ሶ፣ ነገ እንደውላለን፣ ኦኬ? እኔ ርቦኛል» አለችና ጥላን ሄደች።

አባዬ፣ ያን ሰዓት ከተቀበርክ ሁለት ቀን ሆኖህ ነበር።

እሁድ ፎርት ዎርዝ ሄድን። እዚያ ፈረሰኞች ቀንደ ረጃጅም ከብቶች በጡብ መንገድ እየነዱ ለጎብኚ ያሳያሉ። አንዱ በሬ ቀንዱ ሁለት እጄን ብዘረጋ ከዚያ ይበልጣል። ባለ ሰፊ ጠርዝ ባርኔጣ ተገዝቶልኝ ያን አድርጌ ዋልኩ። አንተ የሰፈሩን የቅርጫ በሬ ስትመርጥ ወገቡን እንዴት እንደምትዳስስ አስታውሼ፣ «አባዬ ቢያየው ስንት መደብ ይወጣዋል ይል ነበር?» አልኳቸው። ጋሽ ታደሰ ዞር ብሎ መሬት መሬት አየ። ማታ አሁንስ እንደውል ስል የሺ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች፤ ውሃው ብዙ ጊዜ ፈሰሰ።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። ሳሎን ስወጣ ሰው ሞልቶ ቆሞ አገኘሁ። የማላውቃቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው።  «ማነው?» ልል አፌን ስከፍት የሺ «ወንድሜን!» ብላ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

ዓመቱን ሙሉ ያልተውኩላት ይህን ነው። እማዬ ታውቃለች፣ ዳዊት ያውቃል፣ ባርኔጣ የመረጠልኝ ጋሽ ታደሰ ያውቃል፤ እኔ ብቻ እስቃለሁ። ትምህርት ክፍል ተቀምጬ ድንገት የራሴ ሳቅ ይሰማኛል። ያን ጊዜ የመምህሩን ቃል አልሰማም። ብቻዋን በዶርም እንዳትሰማ ብለን ነው አሉኝ። ገብቶኛል፤ ሳቁ ግን አልተወኝም።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ታደሰ ደወለ። «ላስታርቃችሁ አይደለም» አለኝ። «ግን አንድ ነገር እወቂ። የሺ መርዶውን የሰማችው ረቡዕ ሥራ ላይ ነው። ቤት ስትመጣ አልቅሺ ብላት፣ ‹ዓይኔን አይታ ታውቅብኛለች› አለች። እስከ ሰኞ፣ ማለቴ፣ አንድ እንባ አላወጣችም። እህቱ እኮ ናት!»

ከዚያ ፎርት ዎርዝ ባርኔጣውን አድርጌ ከየሺ ጋር የተነሣሁትን ፎቶ አውጥቼ እንደገና አየሁት። እስከዛሬ የማየው የራሴን ጥርስ ብቻ ነበር። የሺ ከጎኔ ቆማለች፤ ፈገግ ብላለች፤ እጇ ግን ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንደሚይዝ የሸሚዜን ጨርቅ ጨብጧል።

ልክ ሠርታለች አልልህም። አሁንም ቢሆን ቢነግሩኝ እመርጥ ነበር። ግን ከረቡዕ እስከ እሁድ አምስት ቀን ሁሉም መሞትህን እያወቀ እኔ ዘንድ በሕይወት ነበርክ። በሬውን ሳይ ለአንተ የምነግርህን እያዘጋጀሁ ነበር። ሌላው ሰው ሐሙስን ያስብ። እኔ እስካለሁ ድረስ እነዚያን አምስት ቀናት አስባለሁ፤ አንድም ቀን አልረሳም።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሰው ሳይመጣ፣ በጠዋት። ያን ሰኞ ለቀስተኛ ሁሉ እኔን ከቦ ሲያጽናና እሷ ወንበር ስታቀርብ፣ ውሃ ስትቀዳ ነበር። ዓመት ሙሉ፣ ወንድሟ ለሞተባት ሴት፣ አንድ ጊዜ እንኳ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላልኳትም።

ልጅህ