ያበበው ጎመን

ሳን ሆዜ
እሑድ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦስተን ላለሽው ለልጄ ለምሥጢር፣

እንደምን አለሽልኝ የኔ እናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሚልፒታስ ፋብሪካው ውስጥ ቆሜ ስውል ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ሆን ብዬ ነው። ቴክስት ሳደርግልሽ በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ወርውረሽ ትጠፊያለሽ። በልጅነትሽ ፊደል ያስቆጠርኩሽ ለዚህ ቀን ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የላክሽልን ስጦታ ደርሶናል። "ዲነር ፎር ቱ፣ ላይቭ ሚዩዚክ" የሚለው። ትናንት ቅዳሜ እኔ ከሳን ሆዜ ነድቼ፣ አባትሽ ከኦክላንዱ ቤት መጥቶ፣ እዚያው ኦክላንድ ተገናኝተን በላነው። ድንቄም ስጦታ! ባልና ሚስት ሲጣሉ ሌላ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ አንቺ የኩባ ምግብ ቤት ላክሽብን። ይሄ አልበቃ ብሎሽ ዛሬ ጠዋት ገና ከቅዳሴ ሳልወጣ "እማ፣ ትመለሻለሽ ወይስ አትመለሺም? የስ ኦር ኖ" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ፎርም አስሞላሽኝ እኮ!

ለምን እንደወጣሁ ታውቂያለሽ፣ ግን ልድገምልሽ። ሚልፒታስ ሥራ ሳገኝ፣ የአክስትሽ ልጅ ሳን ሆዜ ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል አለ ስትለኝ፣ አባትሽን "ልሂድ ይሆን?" አልኩት። ዝም። ሻንጣዬን ሞላሁ። አሁንም ዝም። ሻንጣውን ተሸክሞ መኪናዬ ላይ ጫነልኝና በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ "ስሚ፣ መንገዱ ትራፊክ አለው" አለኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አትሂጂ የምትል አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም። ይኸው አሥራ አራት ወር ሆነው። በራሱ አፍ ነይ እስኪለኝ ድረስ ወደዚያ ቤት እግሬን አላነሳም ብዬ ምያለሁ። ነገሩ ይሄው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ሬስቶራንቱማ ምን ልበልሽ። ወንበሩና ጠረጴዛው ከመጠጋጋቱ የተነሳ የጎረቤቴን ክርን ልጎርስ ምንም አልቀረኝም። መብራቱ ጭል ጭል ይላል፤ ሜኑውን በስልኬ ብርሃን ነው ያነበብኩት። አባትሽ ደግሞ ያቺን ኩባ ተማሪ ሳለ የገዛትን አበባ አበባ ሸሚዝ ለብሶ ከች አለ። በደርግ ጊዜ የገዛት ሸሚዝ! ቁልፎቿ ሆዱ ላይ ኡኡ ይላሉ። "አማረብኝ?" አላለም፣ እኔም አላልኩትም።

ምግባቸው ሁሉ አሳማ ነው። አሳማ በሩዝ፣ አሳማ በሙዝ፣ አሳማ በዳቦ። በፍልሰታ ጾም! አንቺ እንኳን ፍልሰታን ሁዳዴንም በጎግል ነው የምታውቂው፣ አልፈርድብሽም። አስተናጋጇ ስትመጣ ግን አባትሽ አፉን ከፈተልሽ። በስፓኒሽ! እኔ ጋ ሲሆን ቃል በጠብታ የሚሰጥ ሰውዬ፣ ቧንቧው ፈነዳ። ይስቃል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ልጅቷም ትስቃለች። ዘጠኝ ዓመት ኩባ ተምሮ ያመጣው ወሬ ለካ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተቆልፎ ኖሯል። አንጀቴ እርር ድብን አለ።

ከዚያ ጥቁር አደንጓሬ በሩዝ መጣ። እፎይ፣ የጾም ተገኘ ብዬ ማንኪያዬን ሳነሳ አባትሽ እጄን ያዘኝ። ያዘኝ ስልሽ! "ቆይ" አለና ሳህኑን አሸተተ፣ ተነሳ፣ ይዞት ኩሽና ገባ። ተመልሶ ሲመጣ ነጭ ሩዝ፣ አቮካዶና የሙዝ ጥብስ ይዞ ነው። "አደንጓሬውን ከአሳማ አጥንት ጋር ነው የሚቀቅሉት" አለኝ። እኔ ስጾም "ሆድሽ ምን በደለሽ?" እያለ ሲያበሽቀኝ የኖረ ሰው እኮ ነው! አስተናጋጇ ቆየት ብላ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ "ሚስቴ ጾመኛ ናት፣ ያልተነካ መጥበሻ አውጡ" ብሎ ኩሽናውን ሲያስጨንቅ ነበር አሉ። ሚስቴ! ለሰው ሲያወራ "እሷ" ነበር የሚለኝ። ለራሱም አሳማውን ትቶ እኔ የበላሁትን በላ። እኔ ግን "ሙዙ ጨው ያንሰዋል" አልኩት።

ቀጥሎ ያ ላይቭ ሚዩዚክሽ መጣ። ከበሮ፣ ጊታር፣ ጥሩምባ፣ ሆዱ ከከበሮው የሚበልጥ አንድ ዘፋኝ። ጆሮዬን ያዝኩ። ሰዉ ወገቡን ሲያማታ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። በዚህ መሀል አባትሽ ብድግ ብሎ ወደ ዘፋኙ ሄደ።

ሠርግ ላይ አይተሽ የለ? አዝማሪው ፊት ትሄጃለሽ፣ ግጥም ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ተቀብሎ ይዘፍንልሻል፣ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፊለታለሽ። አባትሽ ያንን ኩባዊ ልክ እንደዚያ አደረገው! ዶላር መዠረጠና ላብ በላብ የሆነው ግንባሩ ላይ ልጥፍ! ዘፈኑ ቆመ። ከበሮው ቆመ። ዘበኛው ከበሩ ላይ መጣ፤ ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። አባትሽ ምንም አልመሰለው፣ ጎንበስ ብሎ በሰውዬው ጆሮ ያንሾካሹካል። ሰውዬው ድንገት ከት ብሎ ሳቀ፣ ዘበኛውን በእጁ መለሰው፣ ብሩን ከግንባሩ አላቆ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ መዝፈን ጀመረ። መሀሉ ላይ "የዎርኩዋ፣ የዎርኩዋ" ሲል ሰማሁ። አያቴ ያወጣችልኝን ስም አኝኮ ተፋው!

"ምንድነው የሚለው?" አልኳት አስተናጋጇን። ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተረጎመችልኝ። "የወርቅውሃ፣ ጓሮ የተከልሽው ጎመን አበበ፤ እኔ ውሃ ማጠጣት እንጂ መቅጠፍ አላውቅበትም፤ ነይ ወደ ቤትሽ" ነው የሚለው።

ጎመን! ሰው ሚስቱን በጎመን ይለምናል? በአራት ሰው ባንድ? አንዲት ፈረንጅ ዓይኗን ጠረገች፤ ለጎመን አለቀሰች! ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን በሰው አፍ የመጣ ልመና ልመና አይባልም ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ፓርኪንጉ ውስጥ እያለከለከ ደረሰብኝ። "ለዚያ ሰውዬ በስፓኒሽ የነገርከውን ለእኔ በአማርኛ ንገረኝ" አልኩት። የመኪና ቁልፉን አየ፣ ጫማውን አየ።

"ስሚ" አለ።

"ምን ልስማ?"

"አሁን... መንገዱ ትራፊክ የለውም።"

"ወዴት?"

"ወደ ቤት።"

"የማን ቤት?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ቤታችን ነዋ። ነይ" አለ።

በራሱ አፍ አለው፣ ምሥጢር። እኔም "የሸሚዝህ ቁልፍ ተበጥሷል" አልኩትና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ። እውነትም ትራፊክ አልነበረም። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ተናድጄ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ። አንዲት ነይ ለማለት ሠላሳ አንድ ዓመትና አንድ የኩባ ባንድ ያስፈልገዋል?

ዛሬ ኦክላንድ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን አስቀድሼ ስወጣ በዚያው በቤቱ በኩል አለፍኩ። ዋሽቶኝ እንደሆነ ለማየት ብቻ ነው። መኪናው አልነበረም፤ በአጥሩ በኩል አጮልቄ አየሁ። ጎመኑ እኔን አክሏል፣ ቢጫ አበባ በአበባ ሆኗል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። እንዳይወድቅበት እያንዳንዷን እግር በእንጨት ደግፎ በሥራ ከረባቶቹ አስሯታል። በከረባት! ያበበ ጎመን እንደሚመርና እንደማይበላ እንኳን አያውቅም። አሥራ አራት ወር ሙሉ የማይበላ ነገር ሲያጠጣ ኖረ፣ ሞኝ። እዚያው አጥሩን ይዤ ቆየሁ።

በይ ልጄ፣ እጄ ደከመ። ሥራ ስትወጪ ወፍራም ነገር ልበሺ፣ ቁርስሽን ቆመሽ አትብዪ። እመቤቴ ማርያም በገባሽበት ሁሉ ትጠብቅሽ፤ ቃል የማይሰስት ሰው ትስጥሽ። ለአባትሽ ስትደውዪ ያለቀስኩትን እንዳትነግሪው፣ ይኮራብኛል። ፎርምሽን ግን አልሞላም።

እናትሽ
የወርቅውሃ

የረሳሁት፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ከጻፍሽ ወደ ሳን ሆዜ አትላኪው፣ በኦክላንዱ አድራሻ አድርጊው። ያን ሁሉ ጎመን ነቅዬ አዲስ እስክተክል ጊዜ ይወስድብኛል።