በሁለቱ ካሴቶች ላይ ስለጻፍሽው ቁጥር

«ወንድም ጋሼ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እነዚያን ሁለት ካሴቶች እኮ ቁጥራቸውን አቀያይሬ የጻፍኩባቸው እኔ ነኝ። እስካሁን አላወቃችሁም ማለት ነው? አውቄ ይሁን ተሳስቼ እንጃ፣ ማን ያስታውሳል! ደግሞ ለፊልም!»

ይህ ከደብዳቤሽ ሁለተኛ ገጽ፣ ከላይ አምስተኛው መስመር ላይ የሚጀምር ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃልም አልቀነስኩም።

እህቴ፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ደህና ነው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? ትንሹስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። የደም ግፊቴን ፋርማሲስቷ በየሳምንቱ ትለካልኛለች፤ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሳምንት ከፍ ብሎባት «ምን ነካህ?» አለችኝ። «እህቴ ጻፈችልኝ» አልኳት። ተቆጥቻለሁ፤ አልደብቅሽም። ቢሆንም በዚያው ቀን ብዕር አላነሳሁም። አሥር ቀን አሳልፌ፣ ረጋ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፤ አንቺም ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንቺ ካሴት ማከራያ ቤት ትሠሪ ነበር። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ዘግተን የቆዩ ፊልሞች የምናይ አራት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ ፋርማሲስቷ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ እና ልብስ ሰፊው። ሰው ሁሉ ተኩስና ድብድብ ሲከራይ እኛ ማንም የማይነካውን፣ ጥቁርና ነጩን፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን እንፈልግ ነበር። አሠሪሽ ገና ከበሩ ሲያየን «የወንድምሽ ሰዎች መጡ፣ አቧራ አራግፊ» ይልሽ ነበር። የድልድይ ጠባቂውን ፊልም ያገኘሽልን አንቺ ነሽ። ዋናው በማግስቱ መመለስ ስለነበረበት በሁለት ባዶ ካሴት ቀድተሽ፣ በቀይ እስክሪብቶ «1» እና «2» ብለሽ ጽፈሽ አመጣሽልን። ለዚህ ዛሬም አመሰግንሻለሁ።

ፊልሙን ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። እኛ ባየነው ቅደም ተከተል አንድ ሽማግሌ የድልድይ ጠባቂ ብቻውን ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ሁለት ወንበር ያወጣል፤ በአንዱ ይቀመጣል፣ ሌላውን ያናግራል። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ይሄድና ወንዙ ላይ «ተፈጸመ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ካሴቱን ስንቀይር የተዋንያኑ ስም ይወርዳል፤ ሚስቱ ከነነፍሷ ብቅ ትላለች። ይጨቃጨቃሉ፣ ድንች ይልጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። በመጨረሻም ታማ ትተኛለች፤ «መብራቱን አጥፋው» ትለዋለች፣ ያጠፋዋል።

የክበባችንን ደንብ ታውቂዋለሽ። ማንም አስተያየት ከመስጠቱ በፊት «ፊልሙ ሁሉ ቢቃጠል የቱን ምስል ታተርፋለህ?» ለሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። ፋርማሲስቷ ባዶውን ወንበር አለች። መምህሩ አንድም ጊዜ ሳይበጠስ የሚወርደውን የድንች ልጣጭ አለ። እኔ መሃል ላይ የመጣውን «ተፈጸመ» አልኩ። ሞት የዘጋውን በር ትዝታ መልሶ ሲከፍተው ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ፤ ኋላም በስድስት ገጽ ጽፌ ለሁሉም አደልኩ። ልብስ ሰፊው ተራው ሲደርስ ግን ምስል አልመረጠም። «እኔ የምለው፣ ካሴቶቹ ተዘዋውረው እንዳይሆን?» አለ። ሳቅንበት። እሱ አልሳቀም። «ፊልሙን የሠራው ሰውዬ አለቀ እያለህ አላለቀም ብለህ ትከራከረዋለህ እንዴ? ስምስ መሃል ላይ ሲጻፍ የት አይታችኋል? ይሄ እኮ ኮት ገልብጦ ለብሶ ፋሽን ነው እንደማለት ነው፤ ስፌቱ ቁልጭ ብሎ እየታየ!» አለን።

የመለስኩለትንም ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ የራሴን አላሳምርም። «ካሴቱን የቀዳችው እህቴ ናት። የእህቴ እጅ አይሳሳትም። አንተ ቁልፍህን ትከል፣ ፊልሙን ለሚያውቁት ተው» አልኩት። በሰው ፊት። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው፤ «በሉ፣ ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልመጣም። አንድ ዴስክ ላይ የተማርን፣ የሠርጌን ልብስ የሰፋልኝ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ለደንቡ ያህል እጅ እንነሳሳለን፤ ሱሪዬን የማሳጥረው ሌላ ሰፈር ወስጄ ነው።

አንቺ የዚያን ቀን የት ነበርሽ? ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በርጩማው ላይ፣ ሪሞቱን ይዘሽ ተቀምጠሽ ነበር። እሱ ሲናገር ሰምተሻል። እኔ ስናገርም ሰምተሻል። ሲወጣ በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ።

ከአምስት ወር በፊት ፊልሙ በዲስክ ወጣ። መምህሩ አስመጣውና አብረን አየነው። ምስሉ ተጠርጎ ሌላ ሆኗል። በካሴቱ ላይ ዘወትር ዝናብ የሚዘንብ ይመስለን ነበር፤ ለካ የካሴቱ ጭረት ኖሯል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ስለ ዝናቡ ስንት ቅዳሜ ተከራክረናል! ታዲያ ዲስኩ የጀመረው በሚስትየዋ ነው። እኔ አሳታሚው አዛብቶታል ብዬ ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ፤ ላንቺም ያንኑ ነበር የጻፍኩልሽ። ከአሳታሚዎቹ ትሕትና የሞላበት አንዲት አንቀጽ መጣች፤ ዳይሬክተሩ በእጁ የጻፈውን የትዕይንት ዝርዝር ቅጂ አያይዘውልኛል። ትዕይንት አንድ፤ ሚስት ድንች ትልጣለች። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነው።

ለክበቡ ሁለቱንም ደብዳቤ አነበብኩ። ፋርማሲስቷ «የኛው ይሻላል» አለች። «በኛው ሴትየዋ ትመለሳለች። በዲስኩ ግን ትሞትና ሰውየው ለወንበር ሲያወራ ይቀራል። እኔ ይሄን መድኃኒት ቤቴ መስኮት ላይ ቀኑን ሙሉ ሳየው እውላለሁ፤ ቅዳሜዬን ምነው ብትተዉልኝ» አለች። መምህሩ ተቆጣ። «ካርታ ዘቅዝቀሽ ሰቅለሽ ባሕሩ ከላይ ሲሆን ያምራል እንደማለት ነው» አላት። «ቢያምርስ?» አለችው። እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ የመሬት ቀያሽ ነኝ፤ ለአንድ ሴንቲ ሜትር የቢሮ ሰው አስቀይሜ የማድር ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ከመምህሩ ጋር ቆምኩ። ግን በዲስኩ ቅደም ተከተል ሳየው ያ ባዶ ወንበር ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደኝ። በፊት ወንበር ብቻ ነበር። አሁን ማን ይቀመጥበት እንደነበር አውቄ ነው የማየው።

የምፈልግብሽን ነገር ከዚህ ቀጥሎ አንብቢ። ልብስ ሰፊው ዓይኑ ደክሟል፤ ክር በመርፌ ማስገባት አቅቶት ለደንበኞቹ «እስቲ አስገቡልኝ» ይላል አሉ። መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቶ ሩቅ አገር ያለች ልጁ ዘንድ ሊሄድ ነው፤ ከሄደ የሚመለስ አይመስለኝም። ከዚያ በፊት ሱቁ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል። ፋርማሲስቷ «ዲስኩን ይዘህለት ግባ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ትለኛለች። አይበቃም። ዲስኩ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ይናገራል እንጂ ያን ቀን እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ማን ምን ያውቅ እንደነበር አይናገርም። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ስለ ፊልሙ አንድም ነገር አይጠይቀኝም። «እህትህ ታውቅ ነበር?» ነው የሚለኝ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኩርፊያ «ማን ያስታውሳል» የሚል መልስ ይዤ ሱቁ አልገባም። አንቺን አምኜ ነው ያዋረድኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሱን ላንቺ አላሸክምም። ያንቺን ድርሻ ግን አንቺው ተናገሪው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የላከልኝ መነጽር ልኬ ሆኗል፣ ይህንንም የምጽፈው በሱ ነው። ትልቋን ውጤቷ ምንም ይሁን ምን አጎትሽ ይኮራብሻል በያት። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን አልውጥም ካለ እኔ በስልክ እንደምቆጣው ንገሪው። አማትሽን ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቄአለሁ፤ እጅ ነስቻለሁ በያቸው። ባለቤቴን ናፍቀሻታል። ይህን ደብዳቤ አንብባ «በዛ» ብላኛለች፤ እኔ ግን አልቀነስኩም።

እንግዲህ አውቀሽ ከሆነ አውቄ ነው በይ። ተሳስተሽ ከሆነ ተሳስቼ ነው፣ ስሕተቱን ያወቅሁትም በዚህ ቀን ነው በይ። ያን ቀን እየሰማሽ ዝም ያልሽው እኔን ፈርተሽ ከሆነም ሳትሸፋፍኚ ጻፊው፤ ደብዳቤሽን ፊቱ ቆሜ ሳነብለት ያንን መስመር አልዘለውም። በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም። በገዛ እጅሽ ተጽፎ፣ ስምሽ ከነፊርማሽ ሰፍሮበት እስከ መጋቢት 5 ቀን እጄ ይግባ።

ወንድምሽ
ከቤቴ፣ ከላይኛው ፎቅ
የካቲት 4 ቀን