ማተብ ያሰረው ፎቶ

ሰቆጣ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሳውዲ እገባለሁ ብሎ በየመን በኩል የወጣው ወንድሜ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ዛሬ ከስልኩ ፎቶው መጣ። ወፍሯል፣ ይስቃል። እናቴ "ማተቡን አልፈታም፣ ተመስገን" ብላ ስልኩን ሳመችው። እኔ ግን ደነገጥሁ። ሲሄድ ማተቡን ከአንገቱ ፈትቶ የሰጠው ለእኔ ነው።

ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛዬ ዘንድ ሮጥሁ። በኮምፒውተር የተፈጠረ ምስል ለዓይን የማይታይ ምልክት ሊኖርበት ይችላል ብሎኝ ነበር። ፈተሸው፤ ስልኬ ላይ ካለው የድሮ ፎቶው ጋርም አስተያየው። "ምልክቱ አለበት፤ ከድሮ ፎቶው የተሠራ ነው" አለኝ።

እንግዲያው ስልኩን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ወንድሜስ የት ነው?

ለእናቴ አልነገርኋትም። አሁን ከዚያው ስልክ "ፎቶው ደረሰሽ?" የሚል መልእክት ገባ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ "መልሽለት እንጂ፤ ማተብህን እንዳትፈታ በይልኝ" ትላለች።

ማተቡ ትራሴ ሥር ነው።