ዋስ የሆንህለት መሻገሪያ

ውድ ምንይሉ፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ ያለ እሱ ስለማይጀመር ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልግለት። ስልኬን ማንሳት ከተውህ ሦስት ወር አለፈ። ብቸናና ሞጣ መካከል ባሕር የለም፤ ጠዋት የተሳፈረ ሰው ምሳውን እዚህ ይበላል። ስለዚህ ይህን የምልከው በመምህርት መክሊት እጅ ነው። ለስብሰባ ወደ ብቸና ትሄዳለች፤ ቢሮህ ድረስ ገብታ በእጅህ ትሰጥሃለች። አልደረሰኝም ማለት አትችልም።

ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ከገጠር መጥተህ እኛ ቤት ስታርፍ ስንቅህ አንድ ከረጢት ድርቆሽ ነበር። እናቴ ሳብሪያ የእኛ ድስት የሙስሊም ሥጋ የነካው ነው ብላ ለአንተ ለብቻህ ድስት ገዛች። በፋሲካ ከመንገዱ ማዶ ያሉት እትዬ ይርጋነሽ የክርስቲያን ሥጋ በዚያ ድስት ሠርተው ያመጡልህ ነበር። እኔ አንድ ቀን ሽሮ ላሞቅበት ባነሳው «የወንድምህን ዕቃ አስቀምጥ!» ብላ የጮኸችብኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። መጀመሪያ «እማ ሳብሪያ» ትላት ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ «ሳብሪያ» ቀረና እማ ብቻ ሆነች።

አዲስ አበባ የቀላል ባቡሩ ሥራ ላይ በረዳት ቀያሽነት ቆይተህ ስትመለስ ያወራኸንን ረሳኸው? ከመንገዱ ማዶ ካለች ጎረቤቷ ጋር ዕድሜ ልኳን አብራ የኖረች አሮጊት ነበረች አልኸን። የባቡሩ አጥር መንገዱ መሃል ላይ ሲቆም መሻገሪያው ራቀባት፤ ጉልበቷም አልፈቀደም፤ እጇን እያውለበለበች ብቻ ሰላም ትላት ጀመር አልኸን። ይህን ስትናገር እንባህ መጣ። «ባቡሩስ ደግ ነው እማ፤ ሰዉን ግን ማን ጠየቀው?» አልህ። እናቴ «አንተ እንዲህ ያለ ሥራ አትሠራም» አለችህ። እኔም አምኜህ ነበር፤ ሞኝ!

ባለፈው ጥር የእኛን ሰፈር መንገድ ልታሰፋ ችካልህን ይዘህ መጣህ። ከየአጥሩ አራት ሜትር ይነሳል፣ በየደጃፉ ሥር የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል ተባለ። ሰው አጉረመረመ። የእድራችን ዳኛ አያ ወልደ ሰንበት ቦዩ ላይ መሻገሪያ ማን ይሠራል ብለው ጠየቁ። ከሥራ ተቋራጩ የመጣው ሰውዬ ወረቀት ሲያወጣ ዞር ብለውም አላዩት።

«ወረቀቱን ያዘው ልጄ፤ እኛስ ዋስ ጥራልን» አሉ።

ያን ጊዜ ማንም አልገፋህም። ራስህ ተነሣህ። «እኔ ዋስ ነኝ። ክረምት ሳይገባ በየደጁ የኮንክሪት መሻገሪያ ይሠራል» ብለህ እጃቸውን መታህ።

«ዋስ ተሆንህ እንግዲህ፣ በቀኑ ተገኝ» አሉህ።

አገርህን ታውቀዋለህ። በፊርማ የሚካካድ ሞልቷል፤ ዋስ ሆኖ የቀረ ሰው ግን ለቅሶ ቤት እንኳ ቀና ብሎ አይቀመጥም። ስለዚህ ካንተ በቀር ምንም ሳንይዝ አጥራችንን በገዛ እጃችን አፈረስን። ከሁሉ የቀደመችው እናቴ ናት። አባቴ የተከለውን ጽድ እሷ አጠገቤ ቆማ እኔ ቆረጥሁት። ሰፈሩ እሷን አይቶ ተከተለ። አሁን የላይ ሰፈር ሰዎች «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያሉ ይስቁብናል።

ሚያዝያ ላይ ቦዩ ተቆፈረ፤ ከቁመቴ ይጠልቃል። ግንቦት ላይ ማሽኖቹ ተጭነው ሄዱ፤ አንተም ወደ ብቸና ተዛወርህ ተባለ። የሞጣን ዝናብ ለአንተ አልነግርህም። ደንበኞቼ የሚሰፋውን ጨርቅ ከማዶ ይወረውሩልኝ ጀመር። ሁለት ሳንቃ ጣልን። ሐምሌ ላይ እናቴ ከሳንቃው ተንሸራታ ወደቀች፤ ጭኗ ተሰበረ። ያን ቀን ስምንት ጊዜ ደወልሁልህ።

አያ ወልደ ሰንበት ጎረቤቱን አስተባብረው ባሕር ዛፍ አስቆርጠው መጡ፤ ደህና ድልድይ ሊሠሩልን። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ጮኸች።

«ማንም እንዳይነካው! ልጄ ዋስ ሆኗል። እናንተ ተሠራችሁት እሱ ምን ሊሠራ ይመጣል? በምን ፊቱ ይገባል?»

እንጨቱ ደጃፋችን ላይ ተከምሮ ቀረ። አንተ የምትገባበት በር እንዳይዘጋብህ ብላ የራሷን በር ዘጋች። ይህን ሳስብ በአንተ ብቻ ሳይሆን በእሷም አንጀቴ ያርራል።

ነሐሴ ላይ እትዬ ይርጋነሽ አረፉ። እናቴን በቃሬዛ ልናሻግራት ሞከርን፤ ሳንቃው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መለስናት። አርባ ዓመት አብረዋት የኖሩት ጎረቤቷ አስከሬን ከማዶ ሲያልፍ በር ላይ ተቀምጣ እጇን አውለበለበች። ያለቀስህላት የአዲስ አበባዋ አሮጊት እናትህ ሆነችልህ ምንይሉ። ደስ ይበልህ!

በማግሥቱ ያን እንጨት አንስቼ ድልድዩን መሥራት ጀመርሁ። ከውስጥ «ማነው?» አለች። «ምንይሉ ሰዎች ልኮ ነው። ኮንክሪቱ እስኪደርስ በእንጨት ይሁን ብሏል» አልኋት። ዋሸኋት። እናቴን ዋሽቻት አላውቅም ነበር፤ ለአንተ ስል ዋሸሁ።

በወሩ ምርኩዟን ይዛ ተሻገረች፤ ቀጥታ ወደ ለቅሶው ቤት። ስትመለስ መሃሉ ላይ ቆመች። «አላልኋችሁም?» አለች። ከዚያ መረቀችህ፦ እድሜህን፣ ቤትህን፣ ልጆችህን። የእኔ መዳፍ በመጥረቢያ ቆስሎ ምርቃቱ ወደ ብቸና ሄደ።

ይመጣል ብላ ድስትህን አሳጥባኛለች፤ ከመደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ይጠብቅሃል። በእሱ ሥጋ የሚሠሩልህ ሴት ግን አሁን የሉም።

በአንተ በዓል ቆጥሬ ቀን ሰጥቼሃለሁ፤ ሕዳር ሚካኤል። ሲሚንቶውን ይዘህም ሆነ ባዶ እጅህን፣ መጥተህ አያ ወልደ ሰንበት ፊት ቁም። ከቀረህ ያን እንጨት ማን እንደቸነከረው እነግራታለሁ። ምርቃቷን መልሳ ትውሰድብህ አትውሰድብህ እሷ ታውቃለች። እኔ ዋስህ አይደለሁም።

የእማ ልጅ፣
ሙሂዲን
ሞጣ፣ ጥቅምት