ካምሻፍቱን የመረጠው ማን ነበር

ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከጡብ ጫኝ አባታቸው በ1950 ዓ.ም. ከወንዙ በላይ ባለው ሰፈር፣ ሁለት ክፍልና ሰፊ ግቢ ባለው ቤት ተወለዱ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ጠያቂው» በሚለው ስም ስለሆነ እዚህም እንደዚያው ይጠራሉ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀዶታል፤ ደክሞታል። ጠያቂው በዘመድ አዝማድ ዘንድ አርባ አራት ዓመት ሙሉ «አባቱን የሰበረ» ሲባሉ የኖሩት ባላጠፉት ጥፋት ነውና፣ አፈር ሳይለብሱ ይህ እንዲታረም ተጽፏል።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። መምህሩ ጥያቄ ያበዛል ብለው ከኋላ ወንበር አስቀመጧቸው፤ ከኋላም ሆነው ጠየቁ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ቶርኖ ቤት ተቀጥረው ብረት መቁረጥና ማለስለስ ከተማሩ በኋላ ወደ ሞተር ሥራ አዘነበሉ። በ1980 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው እስከ ዕለተ ሕመማቸው ሠሩበት።

በሙያቸው የታወቁት ለአሮጌ ፒካፕ ካምሻፍት በመምረጥ ነው። ካምሻፍት ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። ጉብታው አነስ ያለው በዝግታ ጉልበት ይሰጣል፣ ጭነት ያወጣል። ጉብታው ትልቁ በፍጥነት ይበራል፤ ቆሞ ሲሠራ ግን ይንገዳገዳል፣ ሞተሩ ለፍሬኑ የሚሰጠውንም እርዳታ ያዳክማል። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ትልቁን ነው። ጠያቂው ግን ምን እንደሚጫን፣ አቀበቱ በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ፣ ከሹፌሩ ጎን ማን እንደሚቀመጥ ሳይጠይቁ ለማንም አልመረጡም። አንድ አትክልት ነጋዴ «እኔ ካምሻፍት ፈልጌ መጣሁ እንጂ ልጅዎን ልጠይቅ አልመጣሁም!» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። በሳምንቱ ተመልሶ አንድ በአንድ መለሰ።

በ1973 ዓ.ም. የአባታቸው ፒካፕ ሞተር ጢስ በጢስ ሆነ። እናታቸው ያኔ አርፈው ነበር። ጠያቂው ሁለት ካምሻፍት በወረቀት ጠቅልለው ወደ ቤት አመጡ፤ አንዱ ትንሽ ነው፣ ሌላው አንድ ደንበኛ ለእሽቅድምድም አስመጥቶ የተወው ትልቁ። አባታቸውን አስቀምጠው ጠየቋቸው። አባት ጡብ ይጭናሉ፣ በዝግታ ይሄዳሉ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ደግሞ የወንዙን ቁልቁለት ማርሹን ዜሮ አድርገው እየተንከባለሉ ይወርዳሉ። ጠያቂው ይህን ሲሰሙ ትንሹን መረጡ፤ ትልቁን አልጋቸው ሥር ከተቱት። የእሳቸው ምርጫ ይኸው ነው፤ ሌላ አልመረጡም።

ታናሽ ወንድማቸው ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ካምሻፍት የገባበት ሞተር መንገድ ዳር ቆሞ ሲንተከተክ ሰምቶ ልቡ ተሰርቋል። ጠያቂውን ትኩሳት ሦስት ቀን ሲጥላቸው መገጣጠሙ ለእሱ ተተወ። ትንሹን አስቀምጦ ትልቁን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ። ጠያቂው ከላይ ተኝተውበት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ከተኙበት ሰምተው ወዲያው አወቁ። «እሁድ እናወጣዋለን። እስከዚያ አባባ እንዳይነዳት፣ ንገረው» አሉት። እሺ አለ። ግን አልተናገረም፤ ከእሁድ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ መኪናዋ ስትሄድ ድምፁን መስማት አማረው። ቅዳሜ ረፋድ አባት ጡብ ጭነው ወጡ። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ፍሬኑን ደጋግመው ቢረግጡት እንደ ድንጋይ ጠጠረባቸው፤ ፒካፑ የድልድዩን ግንብ መታ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም፣ መሪም አልጨበጡም።

አባት በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው «ማነው ይህን የመረጠው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ጠያቂው ቀድመው «እኔ ነኝ» አሉ። አባት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በኋላ ታናሽየው ለምን እንደዚያ እንዳሉ ሲጠይቃቸው የመለሱለት ይህን ነው፦ «እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማድረው ቶርኖ ቤት ነው። አባባ ከእንግዲህ የሚኖረው ካንተ ጋር ነው። የሚደግፈውን ሰው ጠልቶ እንዴት ይነሳል? ደግሞ እኔም ሰምቼ ተኝቻለሁ።»

አባት አሥራ አንድ ዓመት አላናገሯቸውም። ጠያቂው በየሳምንቱ ቅዳሜ እየመጡ ቧንቧ ይጠግናሉ፣ የምርኩዙን ጫፍ ጎማ ይቀይራሉ፣ ደጃፉ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይመለሳሉ። አባት ለጎማው አመስግነው አያውቁም። ጎማው ሲያልቅ ግን ቅዳሜ ጠዋት ምርኩዙን በሩ አጠገብ ያቆሙት ነበር።

በ1984 ዓ.ም. አባት ሊያርፉ ሲሉ ታናሽየው አጠገባቸው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሦስቱንም ቀን ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ከቀብሩ በኋላ ለዘመድ ልናገር ቢል ጠያቂው «አንድ ሞተር ስንት ጊዜ ይወርዳል? ተወው፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉት። ተወው። ተወው ለተባለ ሰው መተው ቀላል ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይነቅዛል።

ጠያቂው በ1978 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው የሆነውን ሁሉ ከሠርጉ በፊት ሰምተዋል። ለታናሽየው ሰላምታ ነፍገውት አያውቁም፤ ወንበር ግን አቅርበውለት አያውቁም። እውነት አላቸው።

ጠያቂው ከሁለት ዓመት ወዲህ በሳንባ ሕመም ደከሙ። ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎ ጫማ ማሰር፣ ቀጥሎ ረጅም ዓረፍተ ነገር አቃታቸው። ሐኪሙን ግን ምን እንደሚነዱ ጠይቀዋቸዋል፤ መልሱንም አልወደዱትም። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ በቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሳለ፣ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከእሳቸው በኋላ ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አክስታቸው እና ያንን ካምሻፍት የገጠመው ታናሽ ወንድማቸው ቀርተዋል።

እስካሁን «ታናሽ ወንድማቸው» እያልኩ የጻፍኩት ሌላ ሰው እንዲመስል ብዬ ነው። እኔ ነኝ። እሺ ብዬ ለአባቴ ያልነገርኩት እኔ ነኝ፤ አርባ አራት ዓመት ስሙ ሲጠፋ አጠገቡ ተቀምጬ የሰማሁት እኔ ነኝ። ይህን የምታነቢው የወንድሜ ልጅ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቁሚ። እኔ ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ። አክስቴ፣ ቀና ብለው ይዩኝ። እናንተም እዩኝ። «አባቱን የሰበረ» የምትሉት እዚህ ቆሟል።

ጋሼ፣ ተሸክመህ የኖርከው የእኔን ነው፤ አሁን ወስጄዋለሁ። ፈጣሪ ነፍስህን ያሳርፍልን።